ሰባተኛው ካሜራ

ሟቹ ጭቃው ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ጥቁር ጃኬቱ ርሷል፣ ጸጉሩ በጭቃ ተለውሷል፤ የሸራ ጫማው ሶል ግን ገና ከሱቅ የወጣ ይመስል ነጭ ነው። ኢንስፔክተር ኣብረኸት ጎንበስ ብላ አየችውና ምንም ሳትናገር ቀና አለች። በሃያ ሁለት ዓመት የምርመራ ሥራዋ፣ ያየውን ቶሎ የሚዘረግፍ መርማሪ ለአጥፊው ማምለጫ እንደሚሰጠው ተምራለች።

ሰውየው የፊልም ዳይሬክተሩ ገብረተንሳኤ ነው። ከመቐለ ዳር፣ ዓይናለም በሚባለው ሰፈር፣ ባለሰገነት ቪላ ተከራይቶ ፊልም ይሠራ ነበር። ታሪኩ አንዲትን ሴት በስውር ካሜራ ቀን ከሌት ሲከታተል፣ ከማየት ብዛት አእምሮውን ስለሚስት ሰው ነው። ለታሪኩ ሲባል በቤቱና በግቢው ስድስት ካሜራ ተተክሏል። ቀረጻው አርባ አንደኛ ቀኑን ይዟል።

ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ የውሃ ሮቶ የተጫነበት የብረት ማማ አለ፤ መሰላሉ በግቢው በኩል ነው። አስከሬኑ የተገኘው በማማውና በግድግዳው መካከል ነበር። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች፣ ማማው ላይ ያለውን ካሜራ ሊያስተካክል ወጥቶ ወደቀ ብለው ጽፈዋል። የግቢው ካሜራ ቀረጻም ይህንኑ ያሳያል። ገብረተንሳኤ ከቀረጻ ቦታ የማይለየውን ጥቁር ጃኬቱን ለብሶ፣ ብቻውን፣ በእያንዳንዱ እርምጃው አቧራ ቡን እያደረገ ግቢውን ያቋርጣል፤ መሰላሉን ይወጣና ከእይታ ይሰወራል። ከምስሉ ግርጌ የዕለቱ ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዐሥር። ኣብረኸት ሦስት ጊዜ አስደግማ አየችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ኢስሃቅን ነው። ከወሎ መጥቶ መቐለ ላይ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣ የፊልሙን መብራትና ሽቦ የሚዘረጋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ውሃ በተራ ከመጣ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን አልፎት እንደነበር፣ ንጋት ላይ ሲመጣ ቧንቧውን እንደከፈተ፣ እስኪዘጋው ግን ሮቶው ሞልቶ ከማማው ሥር ያለውን ግቢ ሁሉ እንዳጨቀየው ነገራት። ከዚያ አምፖል ሊገዛ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ወርዶ ሦስት ሰዓት ላይ ሲመለስ ሬሳውን አገኘ። ባለሱቆቹም በስልክ ይህንኑ አረጋገጡ።

«ስንት ካሜራ ነው የዘረጉት?» አለችው።

«ስድስት» አለ፤ ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ምስል ወደሚቀናበርበት ክፍል የሚገቡት ሽቦዎች ሰባት መሆናቸውን ኣብረኸት ቆጥራለች።

ቀጥላ ተዋናይቷን ሳሊናን ጠራች። ሳሊና ራሷን በጥቁር ሻሽ ጠቅልላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከማታውቀው ቁጥር ለአንድ ወር የመጣላትን መልእክት ከስልኳ አሳየች። አንዱ «ዛሬ ሁለት ጊዜ አለቀስሽ» ይላል። ሌላው የትኛው ቀሚስ እንደሚያምርባት ይመክራል።

«ታሪኩን የጻፈው እሱ ነው። ሌላ ማንን ልጠርጥር?» አለች። ትናንት ማታ ገብረተንሳኤን ፊት ለፊት ተናግራዋለች። እሱም በእናቱ ምሎ፣ አጣርቶ እንዲነግራት አንድ ቀን ለመናት። አላመነችውም። ዛሬ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ መልበሻ ክፍሏን ቆልፋ እንደተቀመጠች፣ የሆነ ነገር ዱብ ሲል ብትሰማም ከሮቶው ጋር አያይዛ እንደተወችው ተናገረች።

ኣብረኸት ሻሹን እንድታወርደው በትሕትና ጠየቀቻት። ጸጉሯ ተበትኗል። ለፊልሙ የተሠራችውን ሹሩባ በዚያ ክፍል ውስጥ ፈትታዋለች፤ እንዳይቀርጿት፤ ሥራውን ልትተው ቆርጣ ነበርና።

«ስትፈቺው ማን አየሽ?»

«ማንም። ኢስሃቅ ሲጮህ ሻሼን አስሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አላወረድኩትም።»

የመጨረሻው ሓፍቶም ነበር፤ ቀራጩም ምስል አቀናባሪውም እሱ ነው። ቀጭን፣ አነጋገሩ የታረመ ወጣት ነው። የግቢውን ቀረጻ ለፖሊስ ያስረከበውም እሱ ነው። ዓይደር ከሚገኘው ቤቱ በባጃጅ መጥቶ ሲደርስ ሦስት ሰዓት አልፎ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደነበር ተናገረ። ኣብረኸት እያዘነች እንደሆነ ሁሉ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ቤት ውስጥ የነበረችው ሳሊና ብቻ ናት። ይህ ቀረጻ ባይኖር ኖሮ የምይዘው እሷን ነበር፤ አሁንም ልቤ አላመነም።»

ሓፍቶም ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እሷን ተዉአት፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። በሯን ዘግታ ሹሩባዋን እየፈታች ስታለቅስ የነበረች ልጅ ሰው ትገድላለች?»

ኣብረኸት ቃሉን እንዳለ ጻፈችና አመስግና አሰናበተችው።

ከዚያ ኢስሃቅን ይዛ ሰባተኛውን ሽቦ ተከተለች። ሽቦው ከምስል ማቀናበሪያው ኮምፒውተር ተነስቶ፣ በኮርኒሱ ላይ አልፎ፣ መልበሻ ክፍሉ ካለው መስታወት ጀርባ የባቄላ ፍሬ ከማታህል ካሜራ ጋር ይገናኛል። ኢስሃቅ ትናንት ማታ ኮርኒሱ ላይ አግኝቶት ለገብረተንሳኤ እንደነገረው፣ እሱም «ጠዋት እኔው እጠይቃለሁ፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» እንዳለው ተናገረ።

«ታዲያ ለምን ደበቁኝ?»

«ሽቦ ዘርጊው እኔ፣ ከሌላ አገር የመጣሁት እኔ። ማን ያምነኛል ብዬ ነው» አላት።

ከሰዓት በኋላ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ኣብረኸት ሳትቸኩል ጀመረች።

«ሟቹ ጭቃ ውስጥ ነው የወደቀው፤ ሶሉ ላይ ግን ጭቃ የለም። ወደ መሰላሉ ለመድረስ ያንን ጭቃ ማቋረጥ ግድ ነው። ስለዚህ ገብረተንሳኤ ዛሬ መሰላሉ ጋ አልደረሰም። የወደቀው ከሰገነቱ ነው። ወደ ሰገነቱ የሚወጣው ደረጃ ደግሞ ቤት ውስጥ ነው።»

«ቀረጻውስ?» አለች ሳሊና።

«ቀረጻው ላይ አቧራ ይነሳል። ግቢው ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ረግረግ ነበር። ምስሉ ውሃው ከመምጣቱ በፊት የተነሳ ነው። ገብረተንሳኤ ትናንት ማማው ላይ ወጥቶ ነበር?»

ኢስሃቅ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ትናንት ከሰዓት ካሜራውን ሊያዞር ወጥቶ ነበር፤ መሰላሉን የያዘለት እሱ ራሱ፣ የግቢው ካሜራ ከማያየው ከማማው ማዶ ሆኖ ነው።

«እንግዲህ የዛሬውን ምስል አጥፍቶ፣ በትናንቱ ላይ የዛሬን ሰዓት የጻፈ ሰው አለ። ይህን የሚያደርግ፣ አወዳደቁን መደበቅ የሚፈልግ ብቻ ነው። ኢስሃቅ ገበያ ነበሩ። ሳሊና የኮምፒውተሩን መክፈቻ ቃል አታውቅም። አንተ ግን፣ ሓፍቶም፣ ዓይደር ነበርኩ አልከኝ። በተቆለፈ ክፍል ውስጥ የተፈታን ሹሩባ፣ የወረደን እንባ ከዓይደር ሆነህ እንዴት አየኸው? መስታወቱ ጀርባ ያለው ካሜራ ኢንተርኔት የለውም። የሚያሳየው በአንድ ሽቦ ለአንድ ኮምፒውተር ነው። ከፊቱ ተቀምጠህ ነበር።»

ሓፍቶም ሲናገር ዓይኑን ከሳሊና አልነቀለም።

«እኔ ምንም አላደረግኳትም። አየኋት እንጂ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ገብረተንሳኤ ሳሊና እንዳትሰማ ብሎ ወደ ሰገነቱ ጠራው፤ የካሜራውን ነገር ዛሬውኑ ለእሷም ለፖሊስም እንደሚናገር ነገረው። ሓፍቶም ለመነው፣ እግሩ ላይ ወደቀ። ገብረተንሳኤ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ግቢው ሲመለከት ገፈተረው። ምስሉን አስተካክሎ በጓሮ በር ወጣ፤ በባጃጅ ዞሮ እንደ እንግዳ ተመልሶ መጣ። ከኮምፒውተሩ የአርባ ቀን ቀረጻ ተገኘ፤ እያንዳንዱ ቀን ሳሊና በለበሰችው ልብስ ቀለም ተሰይሟል።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ኢስሃቅ ተከትሎ ወጣ። ሳሊና ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ገብረተንሳኤ አንድ ቀን ስጪኝ ሲለኝ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት» አለች። ኣብረኸት የሚያጽናና ውሸት ከአፏ አይወጣላትም። አጠገቧ ተቀምጣ ቀረጻዎቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ በፖስታ አሸገች።

«ይህን ማን ያየዋል?»

«ዐቃቤ ሕጉ ያየዋል። ዳኞቹም።»

«እርስዎስ አይተውታል?»

«ለማረጋገጥ ያህል፣ አንድ ደቂቃ።»

«ምን እያደረግሁ ነበር?»

ኣብረኸት እጇን ፖስታው ላይ አኖረች።

«ትስቂ ነበር» አለቻት። «ብቻሽን።»

ሳሊና ቀኑ የትኛው እንደነበር፣ ምን እንዳሳቃት ልታስታውስ ሞከረች። አልመጣላትም።