የመንገድ እንግሊዝኛ አስተማሪው ሞት

ሬሳውን ያገኙት ከሴቻ ሰፈር ገደል ሥር እንጨት ሊለቅሙ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ማን እንደሆነ አላወቁትም። የከተማው ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ ሸዋንዳኝ ግን ጨርቁን ገልጦ ፊቱን ሲያይ አወቀው። ክንፉ ነበር። በዚያ በ1988 ዓ.ም. በሲቀላ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ጓሮ ለአስጎብኚ ወጣቶች፣ መጽሐፍ ላይ የማይገኘውን፣ ቱሪስቶቹ እርስ በርስ የሚያወሩትን የመንገድ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ጎበዝ ልጅ። ስንቱን ሥራ አስይዟል።

«የሟቹ ስም ከዚህ እንዳይወጣ» አለ ሸዋንዳኝ። ከዚያም ምክንያቱን ሳይናገር ሦስት ሰዎች አስጠራ።

«ሰው ሞቷል» የሚለው ወሬ ከተማውን ስለሞላው፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ቲጂ ገና ሳትቀመጥ፣ «ማነው የሞተው?» አለች። ሲነግራት እየየዋን አቀለጠችው።

«ትላንት አመሻሽ ከማን ጋር ነበር?» አላት፣ ሲወጣላት ጠብቆ።

«ከዲሪባ ጋር። ክንፉ ሆዱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ‹ዩ አር ኪሊንግ ሚ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኪል መግደል እንደሆነ እኔም አላጣውም።»

ዲሪባ ከወለጋ ለትምህርት መጥቶ፣ ሲጨርስ ሥራ ፍለጋ እዚያው የቀረ ወጣት ነው። እሱም መጀመሪያ የጠየቀው ማን እንደሞተ ነበር። ሸዋንዳኝ ነገረው፤ ቀጥሎም ቲጂ ስለሰማችው ቃል ጠየቀው።

«ቀልድ ነግሬው ነው። በሳቅ ገደልከኝ ማለቱ ነው፣ ጌታዬ።»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ተያዩ። ለእነሱ ነገሩ ያለቀ ነበር፤ ዲሪባ በካቴና ታሰረ። ይህ ክስ ከጸናበት አንገቱን እንደሚያስከፍለው ልጁም አላጣውም።

ሦስተኛው መምህር ይፍሩ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ ሸዋንዳኝንም ያስተማሩ፣ ወላጅ አልባውን ክንፉን ከካምባ አምጥተው ያሳደጉ። የዶርዜ ኩታቸውን ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ገቡ።

«ቤት ሰፈሩ ደህና ነው፣ ጋሼ?»

«ደህና ነው። ምንም የለም።»

ሸዋንዳኝ የእንግሊዝኛውን ቃል ነገራቸውና ትርጉሙን ጠየቃቸው። ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለው አልነገራቸውም።

«እየገደልከኝ ነው» አሉ። «ሌላ ትርጉም የለውም።»

ሸዋንዳኝ የሸማኔ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ከሰው ፊት ይልቅ ጥለት ላይ ማረፍ ይቀናዋል። የኩታቸውን ጥለት አየ። ከዚያ የክንፉን ሁለት ተማሪዎች ለየብቻ አስጠርቶ ስለ ቃሉ ጠየቀ። ሁለቱም «ሳቅ ሲያሸንፈው የሚለው ነው» አሉት። ነገሩ የሚያመራበትን ባይወደውም ቲጂን፣ ዲሪባንና መምህር ይፍሩን ቢሮው ሰበሰበ።

«ቃሉ የሳቅ ቃል ነው» አለ። «ስለዚህ በዲሪባ ላይ ማስረጃ የለኝም። ሌላው ደግሞ ይኸውና። ሰው መሞቱን ከተማው ሁሉ ሰምቷል፣ ማን እንደሞተ ግን አልሰማም። ቲጂ ጠየቀችኝ። ዲሪባም ጠየቀኝ። እርስዎ አልጠየቁኝም፣ ጋሼ።»

ይፍሩ ቀና ብለው አዩት።

«ቤት ሰፈሩ ደህና ነው አሉኝ። ኩታዎን ግን ጥለቱን ወደ አንገትዎ አዘቅዝቀው ነው የመጡት። ሰው እንዲያ የሚለብሰው የራሱ ሰው ሲሞትበት ነው። የማን ሐዘን ነው፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰደው ጥለቱን ዳሰሱት። እንዴት እንደለበሱት ያወቁት ያን ጊዜ ይመስላል።

«የልጄ ነው» አሉ። «ተማሪዎቼ ጥለውኝ ወደ እሱ ሄዱ። ትላንት ልታረቀው ብዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ቀጠርኩት። ‹ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ፣ ከፊት አስቀምጬ አስተምርዎታለሁ› አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ነው። እጄ ቀደመኝ፤ ገፋሁት።»

«የቃሉንስ ትርጉም?»

«አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት አቃተኝ።»

ቲጂ ፊቷን አዞረች። ሸዋንዳኝ ካቴናውን ከዲሪባ እጅ ፈታ፤ ለአስተማሪው ለማሰር ግን እጁ አልታዘዝ አለው።

«ቀብሩ ላይ ልቁም» አሉ ይፍሩ።

መልስ የሰጠው ዲሪባ ነው። የእጁን አንጓ እያሸ፣ «ከእሳቸው ሌላ ማን አባት አለው?» አለ። «ይቁሙ።»

ከሰዓት በኋላ መምህር ይፍሩ ሲቪል በለበሱ ሁለት ፖሊሶች መሃል ሆነው ከሬሳው ኋላ ሄዱ። ለቀስተኛው ገና የሰማው ነገር የለም። ተራ በተራ እየቀረበ፣ እጃቸውን እየጨበጠ፣ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ይላቸዋል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ «አሜን» ይሉ ነበር።