የአገሬ እምቢታ

አገሬ የሞተችው በነሐሴ፣ ዝናቡ ቢቸናን ሲደበድባት በዋለበት ቀን ነው። ኢንስፔክተር ወይንእሸት በማግስቱ ጠዋት ተጠርታ ስትደርስ አስከሬኑ ከመደብ ላይ በጋቢ ተሸፍኖ ነበር። ጋቢውን ገለጥ አደረገችው። ዓይንና ከንፈር አብጠው የሠላሳ ዓመቷ ሴት ፊት እያለቀሰ የተኛ ሕፃን መስሏል።

«ንብ ነድፏት ነው» አለ ወንድሟ መንግስቴ። በሰፈሩ ወፍጮ ያለው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። «ከጓሮ ቀፎ አለን። እህቴ እንደሚያውቋት አእምሮዋ የልጅ ነው፤ ሄዳ ነካክታው ይሆናል። እኔ ከወፍጮ ስመለስ አልፋ አገኘኋት።»

ሚስቱ እፀገነት የገፋ ሆዷን ደግፋ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እኔም ገበያ ነበርኩ» አለች ሳትጠየቅ።

ወይንእሸት ባልና ሚስቱን አስወጥታ ጎረቤታቸውን ፈንታነሽን አስገባች። ሁለቱ ሴቶች አስከሬኑን ቀስ ብለው ገላልጠው አዩት። በሁለቱም የእጅ አንጓዎች ላይ የሰፋፊ ጣቶች ምልክት በልዟል። ቁርጭምጭሚቷም በልዟል፤ እዚያ ግን ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው። የንብ እሾህ ፊቷ ላይ ቢፈለግ፣ አንገቷ ላይ ቢፈለግ የለም። ዳሌዋ ላይ ግን ደም የደረቀበት አንዲት ነጥብ አለች።

«ትናንት ምን ሰማሽ?» አለቻት ወይንእሸት።

ፈንታነሽ አመነታች። «ዝናቡ ሲወርድ ነው። ‹ንብ መጣ፣ እምቢ! ንብ መጣ፣ እምቢ!› ስትል በግድግዳው ተሰማኝ። ከእፀገነት ጋር ተጣልተው ነው ብዬ ዝም አልኩ። እፀገነት ባሏን ‹ወይ እሷ ወይ እኔ› ስትለው ያልሰማ ጎረቤት የለም።»

«ድምፁ ከጓሮ ነው ከቤት?»

«ከቤት ነው እንጂ። በዚያ ዝናብ ማን ጓሮ ይወጣል?»

ወይንእሸት በጓሮው በር ብቅ ብላ ቀፎውን አየችው። ዛሬም ዝናብ ነው፤ አንድም ንብ አፉ ላይ የለም። ለፈንታነሽም አስከሬኑን ሳትለቅ እንድትቆይ ነገረቻት፤ በሩ ላይም ፖሊስ አቆመች።

ከዚያ ያመራችው ነርስ ሽታሁን ወዳለበት የግል ክሊኒክ ነው። ቤት ለቤት እየሄደ መርፌ እንደሚወጋ አገር ያውቃል።

«የመንግስቴ እህት አገሬ አርፋለች» አለችው።

«ነፍሷን ይማር። አልሰማሁም።»

«ትናንት ቤታቸው ሄደህ ነበር?»

«ኧረ አልሄድኩም። አባብጣ ለሞተች ሴት እኔ ምን አውቃለሁ?»

ወይንእሸት ቀና ብላ አየችው። ማበጧን አልነገረችውም። አስከሬኑንም ከቤተሰቡና ከፈንታነሽ በቀር ያየው ሰው የለም፤ ፈንታነሽ ደግሞ ከአጠገቡ አልተነሣችም። ነርሱ የተናገረውን ዘግይቶ ሰማው፤ ፊቱም አመድ መሰለ። ወይንእሸት ግን የወጋውን እጅ ብታገኝም የሞቷን ምክንያት አላገኘችም። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አላት። ዓይኗን በከደነች ቁጥር የማታውቀው ድምፅ በግድግዳ ውስጥ «ንብ መጣ» ይላታል።

በማግስቱ የአገሬን የልጅነት ነገር ለመጠየቅ በግንደወይን በኩል ሞጣ ገባች። አገሬንና መንግስቴን በልጅነታቸው ያሳደጓቸው አክስታቸው ይርጋነሽ፣ ለቀብር ሊነሡ ጓዛቸውን ሲሸክፉ ደረሰችባቸው።

«እማማ፣ አገሬ ንብ ትፈራ ነበር?»

«ንብማ መች ትፈራለች፤ ማር ስቆርጥ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው» አሉ አሮጊቷ። «ንብ የምትለው መርፌን ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች ቶንሲል ታማ ፔኒሲሊን ወጓትና አባብጣ ለሞት ደረሰች። ሐኪሙ ‹ይህ መድኃኒት ሁለተኛ እንዳይነካት› ብሎ አስጠነቀቀን። ከዚያ ወዲህ መርፌ የያዘ ሰው ስታይ ‹ንብ መጣ› ትላለች።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። እናታቸው ታውቅ ነበር፣ ሞተች።» አሮጊቷ ቋጠሯቸውን ለቀቁት። «ሌላው መንግስቴ ነው፤ ልጄ፣ ምነው?»

ከቀብሩ በኋላ ወይንእሸት ለቅሶ ደራሹ ከድንኳኑ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ባልና ሚስቱን፣ ነርሱን፣ አሮጊቷን ወደ ውስጠኛው ቤት አስገብታ አስቀመጠቻቸው።

«አገሬን ንብ አልነደፋትም» አለች። «ንብ በዝናብ ከቀፎ አይወጣም፤ እሾሁንም ሳይተው አይሄድም። ዳሌዋ ላይ ያለው የመርፌ ቀዳዳ ነው። መርፌ የያዘ እጅ ሌላውን ሰው አጥብቆ አይይዝም፤ ስለዚህ እጇን አንድ ሰው፣ እግሯን ሌላ ሰው ይዟል። እግሯን የያዙት ጣቶች ቀጫጭን ናቸው።»

እፀገነት ማልቀስ ጀመረች። «አሟት ነበር። ለመድኃኒቷ ነው ያሉኝ። ስለፈራሁ ገበያ ነበርኩ አልኩ።»

«አውቃለሁ። ሽታሁን፣ ከመውጋትህ በፊት ምን ጠየቅህ?»

«‹ከዚህ በፊት መርፌ ጎድቷት ያውቃል ወይ› ብዬ ጠየቅኩ።»

«እሷን?»

ነርሱ ግራ ተጋባ። «እሷንማ… ቤተሰቡን ነው እንጂ። እሷ ምን ታውቃለች?»

«ፔኒሲሊኑን በጥቂቱ ቆዳዋ ላይ ለምን ቀድመህ አልሞከርክም?»

«ትወራጭ ነበር።»

«ስትወራጭ ለጥያቄህ መልስ እየሰጠችህ ነበር። ከእናንተ ሁሉ የሚገድላትን መድኃኒት የምታውቀውና እምቢ ያለችው እሷ ነበረች።» ወይንእሸት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በእሷ ፈንታ ማን መለሰልህ?»

ነርሱ ወደ ባልና ሚስቱ አየ። እፀገነት ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ‹አላውቅም፣ እሱን ጠይቀው› ነው ያልኩት።»

«እፀገነት ወደዚህ ቤት የመጣችው ኋላ ነው፤ የሞጣውን ነገር የነገራት የለም። ለፖሊስ ግን በመጀመሪያ ‹ንብ ነደፋት› ያለው አንተ ነህ፣ መንግስቴ። ጎረቤት የአገሬን ጩኸት እንደሚሰማ አውቀህ፣ ቃሏን ወስደህ መሸሸጊያ አደረግኸው። እንደዚያ ሊያደርግ የሚችለው ቃሏ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ብቻ ነው።»

መንግስቴ ሰፋፊ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። 

«‹ምንም ሆና አታውቅም› አልኩት» አለ በመጨረሻ። «እናቴ አደራ ብላ ሞተች። ሚስቴ ልትሄድብኝ ሆነ። ሁለቱን መሸከም አቃተኝ። እንድትሞት አላሰብኩም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አውቅ ነበር።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

መንግስቴ ቀጠለ። «ሞጣ ያን ጊዜ ስታብጥ እስከ ጤና ጣቢያ አዝዬ ያደረስኳት እኔ ነኝ። አሁንም ሽታሁን እንደወጣ ትንፋሿ ሲያጥራት እየዳኸች መጣች። ከኋላዬ ዞራ ትከሻዬን ያዘችና ‹እዘለኝ› አለችኝ።»

«አንተስ?» አለች ወይንእሸት።

«እጇን ከትከሻዬ አላቅቄ ወደ ወፍጮዬ ሄድኩ።»

እፀገነት ከባሏ አጠገብ ተነሥታ፣ ግድግዳውን ይዛ እየተራመደች ሄዳ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠች።