የፀጉር ያህል ርቀት

የብርድ አምባ ኮሌጅ ድምፅ ማጉያ ጉሮሮውን ጠረገና የትልቅ ሰው ሞት በሚነገርበት ቃና አስታወቀ፦

«ክቡራን መምህራን፣ የተከበራችሁ ተመራቂዎች! በምድር ቤት የሚገኘው ቧንቧ በአሁኑ ሰዓት እየተንጠባጠበ መሆኑን የምንገልጸው በታላቅ አክብሮት ነው።»

ማንም ቀና አላለም። ኮሌጁ ያለባት ከተማ በጨው ምድር መካከል፣ በመስታወት ጣሪያ ሥር የተሠራች ናት። ከጣሪያው ውጭ ሙቀቱ ሰው ይገድላል፤ ውስጡን የሚያቀዘቅዘው በየግድግዳው የሚዞረው ውኃ ነው። ውኃ ከተንጠባጠበ ደግሞ ጠጋኙ ይመጣል። ጠጋኝ የሚሉት ሸረሪት የመሰለ፣ ባለ ብዙ እግር ማሽን ነው፤ ሲመጣም ሲሄድም ማንም ልብ አይለውም።

በገዛ እጁ ቧንቧ ነክቻለሁ የሚል ሰው በከተማዋ አንድ ብቻ ነበር፦ ዲኑ ፕሮፌሰር አስናቀ። በየዓመቱ ምርቃት ላይ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው «እኔ በወጣትነቴ በዚህ እጄ ስንቱን ቧንቧ ጠምዝዣለሁ!» ይላሉ። ታዳሚው መዳፉን ሳያገናኝ ያወዛውዛል፤ የጭብጨባውን ድምፅ ድምፅ ማጉያው ያወጣለታል።

መዳፍ አለማገናኘት ከኮሌጁ መለማመጃ፣ ከጥላ ክፍል፣ የመጣ ልማድ ነው። ጥላ ክፍል ውስጥ ፓምፑም፣ ቧንቧውም፣ መዝጊያውም ከብርሃን የተሠራ ነው። ጎበዝ ተማሪ ማለት እጁ ብርሃኑ ጋ ሲደርስ ቀጥ የሚል ነው፤ ብርሃኑን ቀድዶ ያለፈ ነጥብ ይቀነስበታል። ትርሲት በዚህ የሚደርስባት አልነበረም። ጣቷ ከብርሃኑ የፀጉር ያህል ርቃ ትቆማለች፤ የመዝጊያውን ጎማ ታዞረዋለች፤ ጎማውም እሺ ብሎ ይዞራል። የክፍሏ ልጅ ቢተው ደግሞ ብርሃኑን እንደ መጋረጃ እየቀደደ አራት ዓመት ሙሉ ሲወድቅ ሲነሳ ኖሮ፣ በመጨረሻ በልመና ነው ያለፈው።

«ትርሲት» አሉ ዲኑ፣ የምርቃት ካባቸውን እያስተካከሉ፣ «አንቺ የዓመቱ አንደኛ ነሽ። ከቢተው ጋር ውረጂና ጠጋኙ ሲሠራ ተመልከቺ። ለንግግሬ ማሳመሪያ ይሆነኛል።»

ወረዱ። ጠጋኙ በፓምፕ ክፍሉ ወለል ላይ እግሮቹን አጣጥፎ ተኝቷል። ውኃው ሲንጠባጠብ የነበረው ልክ ጀርባው ላይ ነው፤ ውስጡ ገብቶ ሽቦውን አቃጥሎታል።

«እንግዲህ ጠጋኙን ማን ይጠግነው?» አለ ቢተው። እየሳቀ ገብቶ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

ያን ጊዜ ከላዩ ቧንቧው ፈነዳ።

በሩ ከተማዋን ከጎርፍ እንዲጠብቅ የተሠራ ነውና ሥራውን ሠራ፤ በራሱ ተዘጋ። ውኃው ካልቆመ አይከፈትም። ቢተው ከውስጥ፣ ትርሲት ከውጭ ቀሩ። ውኃውን የሚያቆመው መዝጊያ፣ ቀዩ የብረት ጎማ፣ ያለው እሷ ጋ ነበር።

«እሰይ!» አለ ቢተው በበሩ መነጋገሪያ። «አንደኛዋ ውጭ ናት። ዝጊውና ልውጣ፤ ጉልበቴ ጋ ደርሷል።»

ትርሲት ጎማውን አወቀችው። ተፈትናበታለች። እጇን ዘረጋች፤ ወደ ቀኝ አዞረች። ጎማው ንቅንቅ አላለም። እንደገና አዞረች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» ቢተው በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት እያያት ነበር።

«እየዘጋሁ ነዋ!»

«ያዢው እንጂ!»

«ይዤዋለሁ!»

«አልያዝሽውም! ጣትሽን እዪው!»

አየችው። በቆዳዋና በብረቱ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ነበር። አየር ነበር ስታዞር የቆየችው። እጇን ልትገፋው ሞከረች፤ እጇ እምቢ አለ። ነጥብ እንደሚቀነስበት ነው የሚያውቀው።

ጆሮዋ ላይ ያለውን መገናኛ ነካች። «ፕሮፌሰር! ቢተው ውኃ ውስጥ ነው፤ መዝጊያው አልዞር አለኝ!»

«ተረጋጊ። የተማርሽውን አስታውሺ። በጥላ ክፍል ይዞራል።»

«እዚያ ይዞራል። እርስዎ በእጅዎ ሲዘጉ እንዴት ነበር ያደረጉት?»



«ያኔ... ያኔ መዝጊያው ሌላ ዓይነት ነበር» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ትርሲት» አለ ቢተው። አሁን አይስቅም። «ደረቴ ጋ ነው። ዋና አልችልም።»

ዓይኗን ጨፈነች። ካላየሁት ብርሃን ይሁን ብረት አላውቅም ብላ እጇን ወረወረችው። ቀዘቀዛት፤ ሻከራት፤ ዝገቱ መዳፏን ወጋው። ጥላ ክፍል ውስጥ ቅዝቃዜ የለም፤ ዝገትም የለም። ሳበችው። ሲጢጥ ብሎ ጮኸና ደንግጣ ለቀቀችው።

«ሊሰበር ነው!»

«ይጩህ ተይው! ዘጠና ዘጠኝ የፈተና ነጥብሽን እዚያው ጣይና ተንጠልጠዪበት!»

ተንጠለጠለችበት። መዳፏ ተላጠ፤ ደሙ ብረቱን አሟለጨው። ይህንንም ማንም አላስተማራትም። የምርቃት ካባዋን አውልቃ ጎማው ላይ ጠመጠመችና፣ ሁለት እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ በሰውነቷ ሁሉ ወደ ኋላ ወደቀች። በበሩ መስታወት አሁን የሚታየው የቢተው ፊት ሳይሆን ግንባሩ ብቻ ነበር።

ጎማው ዞረ። ትንሽ። ከዚያ ብዙ። ከዚያም የውኃው ጩኸት ቀጥ አለ።

ውኃው ወደ ማፍሰሻው እስኪወርድ ድረስ በሩ አልቸኮለም። ሲከፈት ቢተው በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ፤ ሳለ፤ ተፋ፤ እጇን አየ።

«ደም ስንት ነጥብ ያስቀንሳል?» አላት። ከዚያ አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ምርቃቱ በሰዓቱ ተጀመረ። ድምፅ ማጉያው የቧንቧው መንጠባጠብ በአክብሮት መቆሙን አስታወቀ። ፕሮፌሰር አስናቀም ተነሡ።

«ዛሬ በጥላ ክፍላችን የተቀሰመ እውቀት የሰው ሕይወት አዳነ!» አሉ። «እኔም በወጣትነቴ በዚህ እጄ ስንቱን ቧንቧ...» መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ። ሕዝቡ እጁን አወዛወዘ፤ ድምፅ ማጉያው አጨበጨበ።

ትርሲት ተጠራች። ካባ የላትም፤ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ፕሮፌሰሩ እንደ ወጉ እጃቸውን ዘረጉላት፤ ከእጇ የፀጉር ያህል ሲቀረው ቀጥ አለ።

ትርሲት ጨበጠችው።

«እህ!» አሉ ፕሮፌሰሩ። ማይክሮፎኑ በአዳራሹ ሁሉ አሰማው። መዳፋቸው እንደ አራስ ልጅ ለስላሳ ነበር፤ ምንም ነገር ነክቶ የማያውቅ። በፋሻው ውስጥ ሙቀቷ ደረሳቸው መሰለኝ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። የፊተኛው ረድፍ መምህራን የየራሳቸውን መዳፍ ቀስ ብለው ወደ ጭናቸው መለሱ።

ትርሲት እጇን ላላ አደረገች። ፕሮፌሰሩ ግን አልለቀቋትም።

ድምፅ ማጉያው የትኛውን ድምፅ ማውጣት እንዳለበት አላወቀም። ዝም አለ።