የድንኳኑ ስፌት

ልብስ ሰፊዋ ከሰው ፊት ቀድማ የምታየው ስፌት ነው። የሥራ አመል ነው፤ ምን ታድርግ! ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ ዓይኗ ከበሩ ጎን ያለ ቅድ ላይ አረፈ። በእጅ ተሰፍቷል፤ ጥቅጥቅ ያለና ንጹሕ፣ የሴት እጅ የመሰለ።

«ድንኳኑ አዲስ ነው አላልከኝም?»

«አዲስ ነው እኮ» አለ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ካስማ እየመታ። ቀና ብሎ አላያትም።

እዚህ ጫካ መጥቶ እንደማያውቅም ነግሯታል። ውሻው ሻምበል ግን ከመኪና እንደ ወረደ ሳያመነታ ወደ ወንዙ በረረ። ዋኝቶ ተመለሰና ብርድ ልብሷ ላይ ተራገፈ። ዞር ሲሉለት ዳቦውን ጨረሰ፤ ከዚያም ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ገዛ ቤቱ ተጠቅልሎ ተኛ።

«ይሄ ውሻ ቦታውን ያውቀዋል» አለች።

«ውሻ አይደል? በአፍንጫው ነው።»

ለጋብቻ ጥያቄው ነገ ከመመለሳቸው በፊት መልስ እሰጥሃለሁ ብላዋለች። ታላቅ እህቷም «ዓይንሽን ገልጠሽ እዪው» ብላ ነበር የሸኘቻት። ውይ፣ እኔ ሞኟ! ከማን ጋር ይሆን የመጣው?

እሱ መኪና ውስጥ፣ እሷ ድንኳን ውስጥ አደሩ። ሻምበል እግሯ ላይ ተኝቶ አሞቃት፤ ኮሽ ባለ ቁጥርም አጉረመረመላት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ያመነችው እሱን ብቻ ነው።

ጠዋት ውሻው እያነከሰ መጣ። ስለታም ድንጋይ መዳፉን ተርትሮታል።

«ጭንቅላቱን ያዢልኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለ ሐኪሙ። ቁስሉን አደንዝዞ መስፋት ጀመረ፤ አንዴ ወግቶ ይቋጥራል፣ ይቆርጣል። እንደገና ወግቶ ይቋጥራል፣ ይቆርጣል።

ልብስ ሰፊ እንዲህ አይሰፋም። ልብስ ሰፊ ክሩን ያስቀጥላል እንጂ በየስፌቱ አይቆርጥም! ትናንት ቅናት ጋረዳት እንጂ ድንኳኑም ላይ እነዚሁ ቋጠሮዎች ነበሩ።

«ድንኳኑን የሰፋኸው አንተ ነህ!»

እስከ ጆሮው ቀላ። «ሻምበል ቀዶብኝ ነው። ሦስት እሁድ እየመጣን ተለማመድን። ድንኳን መትከል አልችልም ነበር፤ አንቺ ፊት እንዳላፍር ብዬ…»

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። «ለዚህ ብለህ ነው የዋሸኸኝ? እኔ እኮ ሌላ ሴት አለችው ብዬ ስቃጠል ነው ያደርኩት! ድንኳን መትከል አለመቻል ምን ያሳፍራል? ውሸት ግን ያስፈራኛል።»

«ይቅር በይኝ።»

«ሌላስ? የዋሸኸኝ ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገር።»

መርፌውን አስቀመጠ።

«አለ» አለ በመጨረሻ።

«ምንድን ነው?»

«ቀስ ብለሽ አስቢበት፣ እኔ አልቸኩልም ያልኩሽ ውሸት ነው።»

እንባዋ መጣ። እንዳትጠርገው ሁለቱም እጆቿ ውሻውን ይዘዋል።

«አገባሃለሁ» አለችው።