ያልራቀው ሲግናል

ሬሳው የተገኘው ገና ባልተከፈተው ሆስፒታል ደረጃ ሥር ነው። ሟቹ የኔትወርክ ባለሙያ ነበር፤ በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተሩን ይዞ ከክፍል ክፍል እየዞረ ዋይፋዩ የት እንደሚበረታ፣ የት እንደሚደክም ይለካል። መሣሪያው መስታወቱ ተሰንጥቆ ከጎኑ ወድቋል፤ አሁንም ይመዘግባል።

የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ገና መደገፊያ ብረት ስላልተተከለለት፣ ሁሉም አዳልጦት ነው አሉ። መርማሪዋ ግን የሸሚዙን ደረት አየች፤ ሁለት ቁልፍ ተበጥሷል። ደረጃ ሰው ይጥላል እንጂ ደረት አይጨብጥም።

ከሟቹ ሌላ ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ፎርማኑ በር ላይ ፕላን ሲያይ እንደነበር ነገራት። የሟቹ ባልደረባ መኪና ውስጥ ገመድ ሲጠቀልል ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ምድር ቤት ሽቦ ሲስብ ቆይቶ ሲወጣ ወንድሙን ወድቆ እንዳገኘውና ወዲያው እንደጮኸ ተናገረ። የሱን ያህል ያለቀሰ አልነበረም። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ መርማሪዋን ያስቸገራትም ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ አልጋ ያልገባበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የወንድማማቾቹ እናትም መጥተው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ይህ መሣሪያ ኢንተርኔት የሚያጋራ ስልክንም ያያል» አለች። «ስልኩ ሲቀርብ ሲርቅ፣ የሲግናሉን ጉልበት ከነሰዓቱ ይጽፋል። ጠዋት ታናሽየው ለወንድሙ ኢንተርኔት ከፍቶለታል፤ አልዘጋውም። ምድር ቤት ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ኮንክሪት አልፎ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም ነበር። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ግን ሲግናሉ እጅግ በርትቷል፤ ጎን ለጎን ነበሩ። በዚያችው ቅጽበት የሦስተኛው ፎቅ ዋይፋይ ደክሞ የታችኛው በረታ። የወደቀው ያኔ ነው። የስልኩም ሲግናል ደከመ፤ በደቂቃ ውስጥ ግን ተመለሰ፤ ባለስልኩ ወርዶ አጠገቡ ደርሷል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ አልራቀም። ጩኸቱ የተሰማው ከሃያ ደቂቃው በኋላ ነው።»

ታናሽየው አመነ። የቀዶ ጥገናውን ክፍል የኤሌክትሪክ መስመር አበላሽቶ ዘርግቶ ኖሯል። ታላቁ ደርሶበት፣ በሽተኛ ሳይገባ ለፎርማኑ እነግራለሁ አለው። እንዳይሄድ ደረቱን ይዞ ሲለምነው ቆየ፤ እምቢ ሲለው በንዴት ገፋው።

«ስትደርስ ነፍሱ ነበረች?» አሉ እናትየው።

«ነበረች፣ እማዬ። ሰው ልጥራ ብዬ ስነሳ እጄን አለቀቀኝም።»

«ምን አለህ?»

«‹አዳልጦት ወደቀ በላት፤ ሁለታችንንም በአንድ ቀን አትጣ› አለኝ።»

እናትየው ተነስተው ወደ ልጃቸው ሄዱ። እጃቸው ተነሳ፤ ለጥፊም ለእቅፍም ሳይሆን አየር ላይ ቀረ። መርማሪዋ ካቴናውን ይዛ፣ እጃቸው እስኪወርድ ቆማ ጠበቀች።