የክላርኔቶቹ ገጽ

ክላርኔቶቹ ሲገቡ ልምምዱ ተበላሸ። የኦርኬስትራው መሪ በትሩን አወረደ። ያ በትር ሲወርድ ስልሳው ሙዚቀኛ ትንፋሹን ይውጣል።

ከኋላ የተቀመጠችው፣ የየመሣሪያውን ኖታ ከደራሲው ጽሑፍ የምትቀዳው ኖታ ገልባጭ ክው አለች። መሪው አጎቷ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ሥራ ላይ ግን ዘመድ አያውቅም። ባለፈው ወር አንድ ስህተት ቢያገኝባት «ብትደግሚው በዚያ በር ትወጫለሽ» ብሏታል።

የሚለማመዱትን ሲምፎኒ የጻፈው እዚያው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት የሙዚቃ ደራሲ ነው። ለሳሙና ማስታወቂያ ዜማ እየሠራ፣ ሕፃናትን ፒያኖ እያስተማረ ስምንት ዓመት ለፍቶበታል። ኦርኬስትራው ሊሞክርለት የፈቀደው ዛሬ ጠዋት ብቻ ነው።

ደራሲውና ገልባጯ የተዋወቁት እሷ በምትሠራባት ጠባብ ክፍል ነበር። «ይሄ ኖታ ነው ወይስ ዝንብ?» አለችው ጽሑፉን እያሳየች።

«ዝንብ ነው። ደስ ካለሽ ግን ይነፋ።»

ከዚያ ወዲያ እርማት ሰበብ እየሆነ ይመላለስ ጀመር። አጎቷ ሲሰማ «እናትሽ የሙዚቃ ደራሲ አግብታ ምን እንዳገኘች አይተሻል» ብሎ ወሬውን ዘጋው።

«እዚህ ጥራዙ ላይ የተጻፈውና ክላርኔቶቹ የሚነፉት ለየቅል ነው» አለ መሪው። «ገልባጯ ትምጣ!»

እሷ ከመነሳቷ በፊት ደራሲው ብድግ አለ። «እሷ የለችበትም። ትናንት በቃል ያስቀየርኳት እኔ ነኝ።»

«የሚፈልገውን ለማያውቅ ሰው የማባክነው ሰዓት የለኝም።» መሪው ጥራዙን ከደነው። «የሚቀጥለውን ሥራ አውጡ።»

ደራሲው ኮቱን አነሳ። ወደ በሩ አመራ። አንዴ ዞር ብሎ ቢያያት ምናልባት ዝም ትል ነበር። ሆን ብሎ አላያትም።

«ውሸቱን ነው!» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ባዕድ ሆነባት። «ስህተቱ የኔ ነው። ክላርኔት ከተጻፈው ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ ኖታው አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ መጻፍ ነበረበት። እንዳለ ገለበጥኩት።»

«አሥር ዓመት የሠራሽውን እንዴት ትስቻለሽ?»

«ያን ገጽ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አግቢኝ አለኝ።»

ከመለከት ነፊዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። መሪው ፊቱ አልተፈታም።

«ምን አልሽው?»

«አንተን ፈርቼ ዝም አልኩ።»

አጎቷ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ግማሽ ሰዓት» አለ በመጨረሻ። «አስተካክሉት። ከዚያ የሥራ ክፍልሽን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ። ቃሌ ቃል ነው።»

ሁለቱ መድረኩ ላይ ተንበርክከው በእርሳስ ያርሙ ጀመር።

«እብድ!» አለችው በሹክሹክታ። «ስምንት ዓመትህን እንዲህ ትጥለዋለህ?»

«ሲምፎኒ ሌላ ይጻፋል።» ቀና ብሎ አያት። ቀሪውን አልተናገረም።

«እሺ» አለች።

«እሺ ምን?»

«አገባሃለሁ። አሁን ጻፍ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

ክላርኔቶቹ እንደገና ገቡ። እሷ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ በትሩን ብቻ ታያለች። በትሩ አልቆመም። ሲምፎኒውን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት፤ ቫዮሊኖቹ ሲያበቁ አጎቷ ወደ ሁለቱ ዞረ።

«የኮንሰርታችን ፕሮግራም ውስጥ ይገባል» አለ።

ከዚያ ወርዶ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠችው፤ ኪሱ ከተተው። እንባዋ ሲመጣ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማታ ለራት ይዘሽው ነይ፣ ልጄ። ቤት ስንሆን አለቃሽ አይደለሁም።»