የተቀጠለው ፈገግታ

የሲኒማ ኮሌጅ መምህሩ ወልደሥላሴ ከእግዜር ድልድይ ገደል ሥር ሞቶ በተገኘ ማግስት ኢንስፔክተር ፀዳለ የኮሌጁን ካሜራማን ሲላስን በካቴና አስራ በሲቀላ ገበያ መሐል ወሰደችው። ማስረጃዋ የሟቹ ባልደረባ መምህር ባርኮት ያመጣላት አጭር ቪዲዮ ነበር። ወልደሥላሴ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ሲላስ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ አፋፉ ባዶ ነው።

«ሲላስ በማቆሚያ ተክሎ፣ ጥሎት ከሸሸው ካሜራ እንዳለ የወሰድኩት ነው» ብሏት ነበር ባርኮት።

ሲላስ ግን «እዚያ አልነበርኩም» አለ።

ፀዳለ ስለ ሟቹ የጠየቀችው የእሱኑ ተማሪ አርሴማን ነበር።

«ሲኒማ ጥበብ ነው ወይስ መቅጃ ማሽን? የመጀመሪያዎቹ የሲኒማ ሊቃውንት የተከራከሩበትን ነበር የሚያስተምሩን» አለች። «መምህር ባርኮት ካሜራ አይዋሽም ባይ ናቸው። መምህር ወልደሥላሴ ደግሞ ጥበቡ ምስል ከምስል መቀጠሉ ላይ ነው ይላሉ። አንድ ቀን የአንድ ሰው ፊት ከሬሳ ሣጥን ቀጥለው አሳዩን። መምህር ባርኮት ‹ሐዘኑ ያስታውቃል› አሉ። ያንኑ ፊት ከምግብ ጋር ሲያሳዩን የራበው መሰለ። ክፍሉ በሙሉ መምህር ባርኮት ላይ ሳቀ።»

ፀዳለ ፊቷ ጋለ፤ እሷም በአንድ ፈገግታ ነበር የፈረደችው። ቢሮዋ ተመልሳ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው።

በማግስቱ ሲላስን፣ ባርኮትንና ተማሪዎቹን በመማሪያ ክፍሉ ሰበሰበች። የሲላስን ካቴና በገዛ እጇ ፈታችና ቪዲዮውን ከፈተች።

«የወልደሥላሴ ጥላ ረጅም ነው፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። የሲላስ አፍንጫ ጥላ ግን ከንፈሩ ላይ አርፏል፤ ቀትር ነው። ፈገግታው ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። የአፋፉ ምስል ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ካሜራው በሰው እጅ እንጂ በማቆሚያ ላይ አልነበረም። እንዳለ ወሰድኩት ያልከው አንተ ነህ፣ መምህር ባርኮት። ለምን ዋሸህ?»

ባርኮት አንገቱን ደፋ።

«አልነካሁትም» አለ። «ስቀርጸው ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ነበር። ‹ትንሽ ወደ ኋላ› አልኩት። መሬቱ የት እንደሚያልቅ እያየሁ ነው ያልኩት። የዚያን ቀን ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር።»

ባርኮት ከተወሰደ በኋላ ፀዳለ ሲላስ አጠገብ ቆመች።

«ያ ፈገግታ ሲቀረጽ ምን አይተህ ነበር ፈገግ ያልከው?»

«ልጄን። ካሜራ ስሞክር ከትምህርት ቤት መጣች።»

«ቤትህ ልምጣ። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ራሴ ልንገራት።»

«ይቅር፣ ኢንስፔክተር። በካቴና ሲወስዱኝ ገበያው ውስጥ ነበረች። አሁን ዩኒፎርም ስታይ ትደበቃለች።»

ፀዳለ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።